ከሞቃዲሾ ናይሮቢ፣ በእኛ አጥር ሥር

ይድረስ ለክቡር የኤል-ቁራ መንገደኞች ማረፊያ የፍተሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሙሉ ዕረፍትና በጥላ ሥር ሆነው እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ጥላውን የጨመርኩት ሆን ብዬ ነው፤ በአውሮፕላን ማረፊያችን ውስጥ ጥላ ያለው የእርስዎ ቢሮ ብቻ ስለሆነ፣ ጤናዎና ዕረፍትዎ አንዳንድ ቀን ቢጓደሉ እንኳ ጥላዎ እንደማይጓደል አውቃለሁ። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከእናቴ በቀር ደኅና ነን።

ስሜ ሱባን ጌዲ ሮብሌ ይባላል። እኔን ባያውቁኝም ቤቴን ያውቁታል፤ ከአጥርዎ ማዶ ያለው፣ በሩ ላይ የግመል ወተት የሚሸጥበት፣ ጣሪያው ሰማያዊ የሆነው ነው። አውሮፕላኑ እርስዎ ዘንድ ሲያርፍ አቧራው የሚያርፈው እኔ ዘንድ ነው። ይህ ቅሬታ እንዳይመስልዎ። ማንበብ የተማርኩት ከዚያው አቧራ ጋር አጥሩን ተሻግረው ከሚመጡ ወረቀቶች ስለሆነ የጽሕፈት ቤትዎ ውለታ አለብኝ። የጋዜጣ ቁራጭ፣ የብስኩት መጠቅለያ፣ ከመቀመጫ ኪስ የወጣ የመመሪያ ካርድ፣ የበረራ ሰሌዳ፤ ነፋሱ ያመጣውን ሁሉ አንብቤያለሁ። «ርቀት» እና «የበረራ ጊዜ» የሚሉትን ቃላት ያገኘሁት ከዚያ ነው። ከሞቃዲሾ ናይሮቢ በአየር አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የበረራ ጊዜ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይላል። ስለ ኤል-ቁራ የሚለው ነገር የለም። በሰሌዳው መሠረት አውሮፕላኑ እኛ ዘንድ አያርፍም፤ በሰሌዳው መሠረት እኛም የለንም።

እርስዎ እንደሚያውቁት ግን ያርፋል። ከሞቃዲሾ የተነሣ አውሮፕላን ሁሉ ናይሮቢ ከመግባቱ በፊት እዚህ፣ ከድንበሩ ወዲህ ይወርዳል፤ ሰዉም ሻንጣውም ወርዶ በቆርቆሮው መጋዘን ውስጥ ይፈተሻል፤ ከዚያ እንደገና ተጭኖ ይሄዳል። ለጸጥታ ነው ተብለናል። ጸጥታን እኔም አልጠላም፤ ሰፈሩን ቢጠይቁ ዝምተኛ ሴት መሆኔን ይነግሩዎታል። ዛሬ ዝም ማለት ያቃተኝ ጊዜ ስላጣሁ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። እናታችን ዳሃቦ ኢሴ ልትሞት ነው። የሆስፒታሉ ሐኪም ኩላሊቷ እንደደከመ ነግሮን «ወደ ቤቷ ውሰዷትና የምትወደውን አብሏት» ሲለን የቀረው በቤት እንደሚያልቅ ገባን። ታናሽ እህቴ ሂባቅ የምትኖረው ሞቃዲሾ ነው። በየብስ እንዳትመጣ ድንበሩ ዝግ ነው። ስለዚህ ከነገ ወዲያ ሐሙስ በሚመጣው አውሮፕላን ላይ ናት። ጠዋት ኤል-ቁራ ታርፋለች፤ በመጋዘንዎ ውስጥ እንደተለመደው ሦስት ሰዓት ያህል ትቆማለች፤ እናቷ ከተኛችበት አልጋ እስከ እርሷ ድረስ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ከዚያ በሕግዎ መሠረት ተመልሳ ተሳፍራ ናይሮቢ ትወርዳለች። ከናይሮቢ ወደ እኛ የሚያመጣው መንገድ ደግሞ የዘንድሮው ዝናብ ድልድዩን ከወሰደው ወዲህ ተቆርጧል፤ አውቶቡሶቹ ከወንዙ ማዶ ተሰልፈው ሹፌሮቹ ካርታ እየተጫወቱ ነው ይባላል። ከናይሮቢ ወደ ሞቃዲሾ የሚመለሰው አውሮፕላንም የሚያስጠረጥር ነገር ስለማይዝ በላያችን ያልፋል እንጂ አያርፍም። እናቴ ወንዙ እስኪጎድል አትቆይም።

የምለምንዎ ሐሙስ ዕለት ሂባቅ በበሩ እንድትወጣ ብቻ ነው።

ይህንኑ ባለፈው ሳምንት በአካል መጥቼ አመልክቻለሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ያነጋገረኝ የበር ጠባቂዎ አስር አለቃ ዋፉላ ነው። ከሩቅ አገር መጥቶ እኛ ዘንድ ስለከረመ እንደ ሰፈሩ ልጆች «ኤዶ» ይለኛል፤ አክስቴ ማለቱ ነው። ስለ ትሕትናው ምስክር ነኝ። የነገረኝን ግን ቃል በቃል ላስፍረው፤ በእርስዎ ስም የተነገረ ነውና።

«ኤዶ፣ እህትሽ እዚህ አትደርስም» አለኝ።

«አውሮፕላኑ እዚህ ያርፍ የለም እንዴ?»

«ያርፋል። እሷ ግን አትደርስም። ትኬቷ ናይሮቢ ነው የሚለው። ትኬቷ ያለው ቦታ እስክትደርስ ድረስ በሕግ አየር ላይ ናት።»

«መጋዘኑ ውስጥ ቆማ?»

«መጋዘኑ ውስጥ ቆማ።»

«እግሯ መሬት ረግጦ?»

«እኔ በር ጠባቂ ነኝ፣ ኤዶ። መሬት የሚባለው ከበሩ ወዲህ ያለው ነው።»

ክቡርነትዎ ይህን ሕግ ባያወጡትም እንደሚጠብቁት ስለማውቅ፣ ያልገቡኝን ነገሮች በቁጥር ለይቼ በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ አየር። መጋዘኑ አየር ከሆነ፣ በሽቦው ሥር እየሾለኩ ገብተው ሣር የሚግጡት ፍየሎቼ ለስንት ዓመት ሲበሩ ኖረዋል ማለት ነው፤ ያለ ትኬት ስለበረሩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አስር አለቃ ዋፉላም የምልክለትን ሻይ የሚጠጣው ሰማይ ላይ ሆኖ ነውና፣ ደመወዙ ከአብራሪዎቹ ማነሱ ተገቢ ስላልሆነ እንዲያስቡለት አሳስባለሁ። የመጋዘኑ መሠረት ሲጣል ድንጋይ የተሸከመው አባቴ ነበር። ሌሎች ሰዎች መሬት ላይ ቤት ሲሠሩ አባቴ አየር ላይ መሥራቱን ሳያውቅ ሞተ፤ ቢያውቅ ይኮራ ነበር።

፪ኛ. ስለ ዕቃ። አንድ ሰው አየር ላይ ሲቀር ዕቃው እንደሚደርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ወር ሂባቅ ለእናቴ መድኃኒትና ሻርፕ በካርቶን ልካ ነበር። ካርቶኑ ላይ «ዳሃቦ ኢሴ፣ ኤል-ቁራ» ተብሎ ስለተጻፈበት በዚያው ቀን በዚያው በር ወጥቶ እጄ ገባ። ፓስፖርት አልነበረውም። የት ተወለድክ፣ ማን ወለደህ ያለው አልነበረም። እህቴ ይህን ስነግራት በስልክ ሳቀችና «እንግዲያው እኔንም አሽገሽ አስመጪኝ» አለች። ከዚያ ሁለታችንም መሳቅ አቃተን።

ዕቃን በተመለከተ ከዚህ የሚበልጥም አለ። አምና ከሞቃዲሾ የሽማግሌው የሐጂ ገራድ አስከሬን በዚሁ አውሮፕላን መጥቶ ነበር። አስከሬኑ ወጣ። አብሮት የመጣው ልጃቸውም፣ ትኬቱ ናይሮቢ እያለ፣ በሁለት እግሩ እየሄደ በበሩ ወጣ። ዋፉላን ምክንያቱን ጠይቄው «አስከሬን ዕቃ ነው፤ ዕቃ ደግሞ ተረካቢ ያስፈልገዋል» ብሎ አስረዳኝ። ልጁ አባቱ በሕይወት ሳሉ ይዟቸው መጥቶ ቢሆን ሁለቱም አየር ላይ ይቀሩ ነበር። ይህን ያህል ለሙታን የሚያስብ ጽሕፈት ቤት ስላለን አመሰግናለሁ፤ ለሕያዋንም ተራው እንደሚደርስ አምናለሁ።

፫ኛ. ስለ ርቀት። ክቡርነትዎ የተወለዱት በሌላ ሕዝብ መካከል ስለሆነ ላያውቁት ይችላሉ እንጂ በእኛ ዘንድ ርቀት ትልቅ ነገር ነው። አባት ልጁን ለወደደችው ሰው አልሰጥም ካለ፣ ሁለቱ ተያይዘው ከአባቷ ቤት የሁለት ቀን መንገድ ያህል ከራቁ፣ እዚያ ያለ ቃዲ ያለ አባቷ ፈቃድ ሊያጋባቸው ይችላል። ከዚያ ርቀት አንድ ዛፍ ቢጎድል ጋብቻው ጋብቻ አይደለም፤ አንድ ዛፍ ካለፉ ግን ንጉሥም አያፈርሰው። ሂባቅ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ከአንድ የጭነት መኪና ረዳት ጋር ያን ርቀት ሄዳ አገባች። አባቴ ዱካቸውን ተከትሎ የደረሰው ርቀቱን ካለፉ በኋላ ነው። መኪናው ያለፈበትን ዛፍ አይቶ ተመለሰ። እናቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን አልጠራችም።

ሕመሙ ሲጠናባት ግን ጠራችው። «ሂባቅን አምጡልኝ» አለች። በስልክ አገናኘኋቸው። ሂባቅ «ሆዮ፣ መርቂኝ» አለቻት፤ ሆዮ ማለት እናቴ ማለት ነው። እናቴ ስልኩን አይታ መለሰችልኝ።

«ስልኩ ራስ የለውም» አለችኝ። «እጄን የት ላድርግ?»

የእኛ ምርቃት እንዲህ ነው፤ እጅ ራስ ላይ ይሆናል፣ ትንፋሽና ምራቅ ይነካል። ይህን የሚያሻግር መስመር እስካሁን አልተዘረጋም። ሂባቅ ያለ ምርቃት ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች፤ ስድስት ወልዳ ሦስት ቀብራለች። ሦስቱ የሞቱት በዚያ ምክንያት ነው ብላ ታምናለች። እኔ አላምንም፤ ግን የቀበርኩት እኔ አይደለሁም።

በርቀት ነገር ላይ አዋቂ ስለሆኑ የመስጊዳችንን ሼህ ዲሪዬንም ጠይቄያለሁ። መንገደኛ ሶላቱን ያሳጥራል፤ አገሩ ሲገባ ግን በሙሉ ይሰግዳል። ሂባቅ መጋዘኑ ውስጥ ሳለች ታሳጥር ወይስ በሙሉ ትስገድ ብዬ ነበር። ሼሁ ጢማቸውን ይዘው ጠየቁኝ።

«መጋዘኑ ከከተማው ቤቶች ወዲህ ነው ወዲያ?»

«ወዲህ ነው። በእኔ ቤትና በመስጊዱ መካከል።»

«የተወለደችበት ቤት ይታያታል?»

«ቆርቆሮው በተገነጠለበት በኩል ካየች ይታያታል።»

«እንግዲያውስ ደርሳለች» አሉ። «በሙሉ ትስገድ።»

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እህቴ ሐሙስ ጠዋት በአላህ ዘንድ ደርሳለች፤ በእርስዎ ዘንድ ገና ናት። ከሁለታችሁ ማን እንደሚበልጥ የመወሰን ሥልጣን ስለሌለኝ ነገሩን ለእናንተው ትቼዋለሁ።

፬ኛ. የአየር ማቀዝቀዣዎ ውሃ ወደ ግቢዬ ይፈሳል። ይተዉት፤ ፍየሎቹ ለምደውታል።

ቅሬታዬ ይኸው ነው። አሁን ደግሞ ምስጋና አለኝ። ትናንት ዋፉላ ወተት ሊገዛ መጥቶ፣ ሻይ እየጠጣ፣ ሕጉ መውጣትን እንጂ መግባትን እንደማይከለክል፣ ከኤል-ቁራ ወደ ናይሮቢ ትኬት የቆረጠ ማንም ሰው መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ ከሞቃዲሾ መንገደኞች ጋር እንደሚፈተሽ አጫወተኝ። ያጫወተኝ ሻዩ ስለጣፈጠው ይሁን ስላዘነልኝ አላውቅም፤ እባክዎ አይቅጡት። እኛም ያን ሰምተን አንዲት ጥጃ ግመል ሸጠን ለእናቴ የናይሮቢ ትኬት ቆረጥንላት።

ስነግራት መጀመሪያ አልገባትም።

«ናይሮቢ ምን ልሠራ?»

«ናይሮቢ አትሄጅም። መጋዘኑ ድረስ ነው።»

«መጋዘን ለመግባት ግመል ሸጣችሁ?»

«ሂባቅ እዚያ ናት፣ ሆዮ።»

ሻሿን ፈታች። ከዚያ «ፀጉሬን ሥሪኝ» አለችኝ።

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት እናቴ በእንግድነት እርስዎ ዘንድ ትመጣለች። መደገፊያ ያለው ወንበር ቢያዘጋጁላት ደስ ይለናል፤ ከሌለ የራሷን ፍራሽ ታመጣለች። የቀረው አንድ ችግር ነው። ዋፉላ ነገሩን ሲጨርስ «ግን ኤዶ፣ የገባ አይወጣም። ከተፈተሸች በኋላ እሷም አየር ላይ ናት» ብሎኛል። እናቴ እስከ ናይሮቢ የሚያደርስ ትንፋሽ የላትም፤ ናይሮቢ ብትደርስ ደግሞ የሚቀበላት ሰው የለም። በመሆኑም ከሁለቱ አንዱን እለምናለሁ፤ ወይ ሂባቅ ትውጣ፣ ወይ እናቴ ከልጇ ጋር ከተያየች በኋላ ወደ አልጋዋ ትመለስ።

ሁለቱም የማይቻሉ ከሆነ፣ ከሥልጣንዎ በታች የሆነች አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ያን ቀን ፍተሻው እንደወትሮው ይርዘም። መንገደኞች ላባቸው እየወረደ ሲያማርሩ ስንት ዓመት በአጥሩ ሰምቻለሁ፤ እኔም አብሬ አማርሬያለሁ። ስለ መዘግየቱ ያልኩትን ሁሉ አንሥቻለሁ። ሐሙስ ዕለት ጫማውን ሁሉ ያስወልቁ፤ ሻንጣውን ሁሉ ያስፈቱ፤ እያንዳንዱን ካልሲ ሁለት ጊዜ ያስቆጥሩ። በኤል-ቁራ ታሪክ ለጽሕፈት ቤትዎ ዝግታ የጸለየች የመጀመሪያዋ ሴት እኔ እሆናለሁ።

ደብዳቤው በግል ቢደርስዎ በሥራ ብዛት ሊጠፋብዎ ስለሚችል፣ አንድ ቅጂ በመስጊዱ ግድግዳ፣ አንድ ቅጂ በትኬት መሸጫው በር ላይ ይለጠፋል፤ ለከተማችን ሬዲዮም ተልኳል።

ከአጥርዎ ማዶ ሆኜ አቧራዎን በአክብሮት እየተቀበልኩ፣ ጥላዎ እንዳያጥር እየጸለይኩ፣ ለፍትሕዎ ዓይኔን ከበሩ ሳልነቅል፣

ምንጊዜም ታዛዥዎ
ሱባን ጌዲ ሮብሌ
የግመል ወተት ሻጭ
ኤል-ቁራ፣ መሬት ላይ

ድኅረ ጽሑፍ፣ ቅዳሜ የተጨመረ

ክቡር ሆይ፣ ከላይ ያለው ማክሰኞ ተጽፎ ረቡዕ የተለጠፈ ነው። መልስዎን ሐሙስ በተግባር ስላገኘነው፣ ላመሰግንዎ ይህን በዚያው ወረቀት ሥር እለጥፋለሁ።

እናቴን ፍራሽ ባነጠፍንበት የውሃ ጋሪ ያመጣት አጎታችን አዴር ኦስብሌ ነው። በሩ ላይ ዋፉላ ትኬቷን ተቀብሎ እንደ ሕጉ ጠየቀ።

«ሻንጣዋስ?»

«የላትም» አለው ኦስብሌ።

«ሴትዮዋ ናይሮቢ ድረስ ያለ ሻንጣ?»

«ሻንጣዋ አሁን ያርፋል፣ ልጄ። ክፈት።»

ዋፉላ ከፈተ። የዕቃ መጫኛውን ጋሪ አምጥቶ እርሱ ራሱ እየገፋ አስገባት፤ እኔ ትኬት ስለሌለኝ ከሽቦው ውጭ ቀረሁ። አውሮፕላኑ ወረደ። ሂባቅን ደረጃው ላይ ሳያት በፊቷ አላወቅኋትም። ያወቅኋት በአረማመዷ ነው፤ የአባታችን ነው። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ያየሁት ቆርቆሮው በተገነጠለበት በኩል ነው፤ ስላላስጠገኑት አመሰግናለሁ። ሂባቅ መሬቱ ላይ፣ ይቅርታ፣ አየሩ ላይ ተንበረከከች። እናቴ እጇን አነሣች። እጁ ሲወርድ ራስ አገኘ።

የተባባሉትን ሂባቅ ነግራኛለች። «ሆዮ፣ ርቄብሽ ነበር» አለቻት። እናቴም «አልራቅሽም» አለች፤ «አውሮፕላኑ በላያችን ሲያልፍ እሰማው ነበር።»

ሊነጋገሩት ያሰቡት ግን ብዙ ነበር። እኛ የቆጠርነው ሦስት ሰዓት ነው። ፍተሻው በሃያ አምስት ደቂቃ አለቀ። እንዲህ ያለ ፍጥነት ማረፊያው ከተከፈተ ወዲህ ታይቶ አይታወቅም። አንዳንዱ መንገደኛ ግራ ገብቶት ጫማውን በእጁ ይዞ ቆሞ ቀረ። ዋፉላ ኋላ እንደነገረኝ ትእዛዙ ከበላይ ነው የመጣው፤ ሴትዮዋ መዘግየታችንን ግድግዳ ላይ ለጥፋ በሬዲዮ አስነግራለችና ዛሬ ማንም ዘገዩ እንዳይለን ተብሎ ነው። ደብዳቤዬን ጀምረው ሳይጨርሱት ይሆናል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልመናውን ከላይ ማስቀደም ነበረብኝ።

መንገደኞች እንዲሳፈሩ ሲጠሩ እናቴ «ወደ ቤቴ» አለች። ዋፉላ ወደ ቢሮዎ ሮጠ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር። ይዞት የተመለሰው ቃል «አየር ላይ ያለ በአየር ይሂድ» የሚል ነው። ሂባቅ ግን አልለቀቀቻትም። ጋሪውን ከመጋዘኑ አውጥተው ወደ ደረጃው ሲገፉት እናቴ በእህቴ ትከሻ ላይ ራሷን ጣል አደረገች፤ ጋሪው ደረጃው ሥር ሲቆም በሕይወት አልነበረችም።

ያን ጊዜ ከጥላዎ ወጡ። በዚህ ሁሉ ዓመት በፀሐይ ሳይዎ የመጀመሪያዬ ነው። ባርኔጣዎን አወለቁ፤ ይህን አልረሳውም። ከዚያ ሥራዎ ነውና ጠየቁ።

«የአስከሬኑ ተረካቢ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሂባቅ።

ፈረመች። በሩ ተከፈተ። እህቴ ከእናቷ ኋላ እየተራመደች ወጣች፤ ከልካይ አልነበረም። የለመንኩዎ ይህንኑ ነበርና፣ ልመናዬ ሙሉ በሙሉ ስለተፈጸመ ማመስገን ይገባኛል። ከሁለቱ አንዱን ብዬ ነበር፤ እርስዎ ሁለቱንም ሰጡኝ።

ትናንት ከጽሕፈት ቤትዎ የሞት ማስረጃው ደረሰን። «የሞት ቦታ» በሚለው ፊት «በበረራ ላይ» ተብሎ ተሞልቷል። እናቴ በሕይወቷ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም፤ ክብሩ በዛባት። ሼህ ዲሪዬ መንገድ ላይ ለሞተ ሰው ምንዳው ብዙ ነው ስለሚሉ፣ ምንዳውን ላስገኙላት ለእርስዎም አላህ በዚያው መንገድ እንዲከፍልዎ በቀብሯ ላይ ጸልየናል፤ ሰፈሩ ሁሉ አሜን ብሏል።

ከሥር በበረራ ላይ ለሞተ ሰው የሚሞሉ ሁለት ቦታዎች ባዶ ቀርተው አገኘናቸው። ወረቀት ጎዶሎ እንዳይቀር እኔና ሂባቅ ተነጋግረን ሞልተናቸዋል። ርቀት፦ ሁለት መቶ እርምጃ። የበረራ ጊዜ፦ ሃያ አምስት ደቂቃ። በእርስዎ ሰሌዳ ከዚህ የሚረዝም ከሆነ ያርሙልን።